የመጥረጊያው ክፍልና እትዬ በላይነሽ

የእትዬ በላይነሽን መሞት የሰማሁት ቢሮ ውስጥ ካርታ ሳባዛ ነው። የፎቶ ኮፒው ማሽን ወረቀት ነክሶ አልለቅም ብሎኝ ስታገል፣ አንድ ባልደረባዬ በበሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ «የሆቴሉ ጽዳት ሠራተኛ አርፈዋል አሉ፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው» ብሎኝ አለፈ። ስማቸውን አልጠራም። አይፈረድበትም፤ መዝገባችንም ላይ ከዚያ የበለጠ ስም አልነበራቸውም። እኔ ግን ወረቀቱን እንደተነከሰ ትቼ ወንበሬ ላይ ቁጭ አልኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አልተነሳሁም።

ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆምኩ። ወደ ፊት ጠጋ የምልበት ፊት አልነበረኝም። ልጅ የሌላቸው፣ ዘመድም የማይታወቅላቸው አሮጊት ናቸውና ከዕድራቸው ሰው በቀር የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር። ግቢው ግን ጢም ብሏል። የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ ከዘመሮ የመጣች በግ ነጋዴ፣ ከራቤል በጠዋት ተነስተው የደረሱ አንድ ቄስ፣ የደንብ ልብሱን የለበሰ ወታደር፣ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ያለቅሳሉ። አለቃዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይሄ ሁሉ ሰው ከየት ነው የሚያውቃቸው?» አለኝ። ከየት እንደሚያውቃቸው አውቃለሁ። ሁሉም በየዘመኑ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ አንድ አልጋ ላይ አድሯል። ለአለቃዬ ግን «እንጃ» አልኩት። እንጃ ማለት የቆየ ሕመሜ ነው፤ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው።

የከተማችንን ስም አልጠራም። ከመሐል ሜዳ አለፍ ብላ አፋፍ ላይ የተቀመጠች፣ ንፋሷ ቆርቆሮ የሚነቅል፣ አንድ ዋና መንገድና አንድ መናኸሪያ ያላት ከተማ ናት። ስሟን ብጠራ አለቃዬንም እኔንም ለይታችሁ ታውቁናላችሁ። እሱ ልጆች አሉት፤ እኔም አሉኝ።

እኔ የመርሐቤቴ ቆላ ልጅ ነኝ። በከተማዋ የመሬት ቢሮ ውስጥ ለልኬት ሥራ ተቀጥሬ ስመጣ በእጀ ጉርድ ሸሚዝ ነው የመጣሁት። ደጋ የሚባለውን ነገር ከትምህርት ቤት ካርታ ላይ እንጂ በቆዳዬ አላውቀውም ነበር። መንገድ ላይ የመኪናው ጎማ ሁለት ጊዜ ፈንድቶ፣ ስንደርስ ጀንበር ጠልቃ ጉሙ ወርዷል። የምጠይቀው ሰው የለኝም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ትልቅ የድንጋይ ፎቅ ቤት አየሁ፤ ግንባሩ ላይ ቀለሙ የደበዘዘ «ሆቴል» የሚል ጽሑፍ አለ። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ገባሁ። ደረጃው ሥር ቀጠን ያሉ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ሴት ወለል ይጠርጋሉ።

«አልጋ ይኖራል እናቴ?»

«አልጋ የለም፤ ቢሮ ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። ወዲያው ቀና ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ምነው ራቁትህን መጣህ? የሚያሳድርህ ዘመድ አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያ ምን ያቆምሃል? ውጣ።»

በጥድ እንጨት በተሠራው ሰፊ ደረጃ ወጣን። ከደረጃው ራስ ላይ አንድ አልጋ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ነበረች። ሁለት ባና ደራርበው አነጠፉ። በደጋው በጎች ጠጉር የሚሠራውን ያን ወፍራም ብርድ ልብስ ያኔ ነው ያወቅሁት። አልጋውን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉና «በል እደር» አሉኝ። ስሜን አልጠየቁም። በሩን ሊዘጉ ሲሉ ዞር ብለው «ጠዋት ሰው ገብቶ ማነህ ካለህ፣ መጥረጊያ ነኝ በለው» አሉ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ነገሩ የገባኝ ቀስ በቀስ ነው። ቤቱን የሠሩት አንድ ግራዝማች ናቸው፤ በንጉሡ ዘመን። ድንጋዩን ከገደሉ አስጠርበው፣ ሳንቃውን በበቅሎ አስጭነው። ዐሥራ አራት ክፍል፣ ከፊት የእንጨት ሰገነት። ከደብረ ብርሃን ወዲህ እንዲህ ያለ ደረጃ አልነበረም እያሉ ሽማግሌዎች አሁንም ይኩራራሉ። እትዬ በላይነሽ አልጋ አንጣፊ ሆነው የተቀጠሩት ጉብል ሳሉ ነው። ታዲያ በአንድ የገበያ ቀን ሆቴሉ ሞልቶ ሳለ አንድ መንገደኛ መሽቶበት መጣ። ተቆጣጣሪው «ቦታ የለም» ብሎ መለሰው። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሰውየው ከግንቡ ሥር ጋቢውን ተከናንቦ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ ብርድ ጨርሶት ተገኘ። ስሙን የሚያውቅ አልነበረም። ግራዝማች ራሳቸው አስቀበሩት፣ ተዝካሩንም አወጡለት። ከዚያ በኋላ ከደረጃው ራስ ላይ ያለችው ክፍል እንዳትከራይ፣ እንዳትቆለፍ፣ ለመሸበት ብቻ እንድትሆን አዘዙ።

ደርግ ሲመጣ ቤቱ ትርፍ ቤት ተብሎ ተወረሰ። ግራዝማች ቁልፉን ከማስረከባቸው በፊት የነፍስ አባታቸውን ጠርተው፣ ልጅቷን በላይነሽን ፊታቸው አቆሟትና «ቤቱን ወሰዱት፤ ይውሰዱት። ክፍሏን ግን አደራ» አሏት። ልጅቷም ተቀበለች። አደራ ከተቀበሉ በኋላ ማን ጠየቀኝ፣ ማን አየኝ የለም። እትዬ በላይነሽ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም ነበር። ስለ ትናንት የአየር ጠባይ የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ያልሆነው ነገር የለም። መጀመሪያ ቀበሌ ገባበት። ቀጥሎ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ሰገነቱ ላይ የገብስ ጆንያ ተደረደረ። ቀጥሎ ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች ማደሪያ፣ ቀጥሎ የግብርና ጽሕፈት ቤት፤ የእኛ የመሬት ቢሮም ፋይሎቹንና ንብረቱን እዚያው ያኖር ነበር። የሚገባው ሁሉ ከንብረት ቆጠራ ይጀምራል። ቆጣሪው ከደረጃው ራስ ደርሶ «ይሄስ ምንድን ነው?» ሲል፣ እትዬ በላይነሽ «የመጥረጊያ ክፍል» ይላሉ፤ ይጻፋል። ዘመን ሲለወጥ፣ መዝገብ ሲገለበጥ፣ የመጥረጊያ ክፍል እየተባለች አለፈች። ውሸት እንዳይሆንባቸው ከበሩ ኋላ አንድ የጓሳ ሣር መጥረጊያ አቁመዋል። «ዋሽቼ አላውቅም» ይሉኝ ነበር። «መጥረጊያው ይኸው፣ ቆሟል።»

አንድ ጊዜ አዲስ የተሾመ ኃላፊ ቢሮዎቹን ሲዞር በሩን በርግዶ ይገባል። አልጋው ላይ አንድ የደከመው የጨው ነጋዴ ያንኮራፋል። ይህን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከኃላፊው ኋላ ሜትር ይዤ ቆሜ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመጥረጊያ ክፍል ነው ጌታዬ።»

«መጥረጊያ ይተኛል እንዴ?»

«ዘመኑን ሙሉ ሲጠርግ ኖሮ አይደክመውም?»

ኃላፊው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ቀደመው። በሩን መልሶ ዘጋው። እሳቸው ግን ሲያስቁ እንኳ ፊታቸው አይፈታም ነበር። ደግ ብቻ አድርጌ እንዳልስላቸው፣ ቁጡ ነበሩ። ያስጠጉትን ሰው ሲነጋ ባናውን ከላዩ ገፈው ያስነሱታል። «የመሸበት አንድ ሌሊት ነው፤ ሁለተኛው ሌሊት ስንፍና ነው» ይላሉ። እኔንም በማግስቱ ጠዋት እንዲሁ አድርገው አባረሩኝ፤ የምከራየውን ቤት ግን አብረውኝ ዞረው ፈለጉልኝ። የመጀመሪያ ደሞዜን ተቀብዬ ሻሽ ገዝቼ ብወስድላቸው «ሌላ የበረደው ስታይ ስጠው» ብለው መለሱልኝ። ሻሽ ብርድ ያስጥላል ወይ ብዬ ተከራከርኩ። አልሰሙኝም።

ደግሞ ዓይናቸው። ማታ ማታ የመጨረሻው አውቶቡስ ሲገባ ሰገነቱ ላይ ቆመው ወራጁን ያያሉ። «ዘመድ ያለው ከመኪና ሲወርድ አንገቱን ያዞራል። ዘመድ የሌለው ጫማውን ያያል» ብለውኛል። ሲሳሳቱ አይቼ አላውቅም።

በጦርነቱ ወራት እኔ ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ ወደ ቆላ ወረድኩ። ቢሮው ሁሉ ተዘጋ። እትዬ በላይነሽ ቀሩ። ስመለስ ዐሥራ አራቱም ክፍል ከየቦታው በተፈናቀለ ሰው ተሞልቶ አገኘሁት። በደረጃው ላይ እንኳ እናቶች ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። አለቃዬ የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ፋይሎቹ ነበር። «አንድ ወረቀት አልጠፋም» አሉት እትዬ በላይነሽ። «ሁለት ወንበር አንድደናል። ልጅ በብርድ ከሚያልቅ ወንበር ይለቅ ብዬ ነው። ጻፍብኝ።» እሱም ጻፈባቸው። የወንበሮቹን ነገር ከመዝገቡ የሰረዘላቸው የለም።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስኩ።

መንገዱ ሊሰፋ ነው ተባለ። ዋናው መንገድ ግራና ቀኙ ይለካ፣ መስመሩ ያረፈበት ይፍረስ የሚል ትእዛዝ መጣ። ልኬቱ የእኔ ሥራ ነው። ሜትሬንና ቀይ ቀለሜን ይዤ ከመናኸሪያው ጀመርኩና ከግራዝማች ሆቴል ደረስኩ። ረዳቴ በዚያ ቀን ቀርቶ ነበር። እትዬ በላይነሽ ወጥተው «ጫፉን ልያዝልህ?» አሉኝ። «ይያዙልኝ እትዬ» አልኳቸው። ሜትሩን ጎትተው ከሰገነቱ አለፉ፣ ከደረጃው ሥር አለፉ። «እዚህ ጋ?» «ትንሽ ወደ ውስጥ።» «እዚህ?» «ትንሽ ይጨምሩ።» ግማሽ ቤት ገብተው ነው ቁሙ ያልኳቸው። መስመሩ ሰገነቱን፣ ደረጃውንና ከደረጃው ራስ ያለችውን ክፍል ከነሥሯ ወደ መንገዱ አወጣቸው። የኋላው ግማሽ ይቀራል። ቀዩን ቀለም ስቀባ እሳቸው የሜትሩን ጫፍ እንደያዙ ነበሩ።

«ደረጃው ይሄዳል?»

«ይሄዳል እትዬ።»

«የመጥረጊያው ክፍልስ?»

«እሱም።»

ሜትሩን ቀስ ብለው ለቀቁት። «አደራዬ ነው እኮ ልጄ» አሉ። «አቤት የሚባልበት የለም?»

«አቤት ማለት ይቻላል» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ይቻላል። በዐሥር የሥራ ቀን ውስጥ የጽሑፍ አቤቱታ ከገባ ልኬቱ እንደገና ይታያል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የድሮው ወፍጮ ቤት ግቢ ባዶ ስለነበር መስመሩን ወደዚያ ማስጠጋት ይቻል ነበር። ይህን ማስታወቂያው ይናገራል፤ ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል፤ እሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም። እኔ «ይቻላል» ብዬ ቀለሜን አንስቼ ሄድኩ።

እትዬ በላይነሽ የሚያውቁት የአቤቱታ መንገድ አንድ ብቻ ነው። ሽማግሌ ላኩ።

በእኛ አገር ሽማግሌ የተላከበት ጉዳይ በመጀመሪያው ቀን አይነገርም። ቆሞ ይለመናል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ይኬዳል። ፈጥኖ የተናገረ ሽማግሌ ጉዳዩን አቀለለው ይባላል። የተላከበትም ሰው ቶሎ እሺ ካለ ራሱን ማቅለሉ ነው። ሁለቴ መልሶ በሦስተኛው መቀበል ወጉ ነው። በዚህ ወግ ስንት ደም ደርቋል፣ ስንት ትዳር ቆሟል። ቢሮ ውስጥ ግን የሚቆጠረው ቀን ነው።

በአራተኛው ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከአለቃዬ በር ቆሙ። መሪያቸው አባባ ወልዴ፣ ሰማንያውን ያለፉ፣ ከተማው ሁሉ የሚፈራቸውና የሚወዳቸው ሰው ናቸው።

«ግቡ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለ አለቃዬ።

«አንቀመጥም። ነገር ይዘን መጥተናል።»

«እሺ፣ ምንድን ነው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። የደነገጡ መሰለኝ። «ዛሬ የመጣነው ቀን ልንቆርጥ ነው» አሉ አባባ ወልዴ።

አለቃዬ ሰዓቱን አየ። «እንግዲያው ሐሙስ» አለ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው፣ መርቀውት ወጡ። እኔ እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸው። አባባ ወልዴ በከዘራቸው ተደግፈው ቆሙና ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ልጄ፣ አንተ የቢሮው ሰው ነህ። መንገዳችን ልክ ነው?»

እዚህ ላይ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀት ነበር፤ ራሴ ቁጭ ብዬ በሩብ ሰዓት የምጽፈው። እትዬ በላይነሽ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትሙበታል፣ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ያልቃል። ነገር ግን አለቃዬ በዋዜማው «አቤቱታ ከገባ ልኬቱ እንደገና ሊሠራ ነው፤ የማፍረሻው ማሽንም ሳይሠራ ይመለሳል። ያኔ ተጠያቂው አንተ ነህ» ብሎኝ ነበር። ከራስ በላይ ነፋስ አይደል ተረቱ።

«ልክ ነው አባባ» አልኳቸው።

ሐሙስ ሲመጡ አለቃዬ ስብሰባ ላይ ነበር። ሰኞ ኑ ተባሉ። ሽማግሌዎቹ አልከፋቸውም፤ እንዲያውም ወጉ እየሞላ ነው ብለው ተጽናኑ። የከተማው ሰው «ሁለቴ ተመልሰዋል፣ በሦስተኛው ይሰምርላቸዋል» እያለ ያወራ ነበር። እትዬ በላይነሽም መንገድ ላይ አግኝተውኝ «እየሄደልን ነው» አሉኝ። ፊታቸው ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ በልቤ ቀኑን ስቆጥር ነበር። ዓርብ አለቀ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔም ይህንኑ ለራሴ እደጋግም ነበር።

ሰኞ ሦስቱም ከበሩ ቆመው ጉዳያቸውን አወጡ። አባባ ወልዴ የግራዝማችን አደራ፣ በብርድ የሞተውን መንገደኛ፣ የክፍሏን ታሪክ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። መቼም እንዲህ ያለ ንግግር ዳግመኛ አልሰማም። አለቃዬ እንኳ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አዳመጠ። ሲጨርሱ በለሰለሰ ድምፅ «አባቶቼ፣ የአቤቱታው ጊዜ እኮ ዓርብ አለቀ» አላቸው።

«እኛ ከዓርብ በፊት መጥተናል።»

«ተጽፎ አልገባም።»

«ሦስት ሽማግሌ በርህ ላይ ቆሞ፣ ከወረቀት አነሰ?»

አለቃዬ እስክሪብቶውን መልሶ አነሳ። አባባ ወልዴ ወደ እኔ ዞሩ። ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። አልመረቁም። ሽማግሌ ሳይመርቅ ሲወጣ ያየሁት ያኔ ነው።

ማሽኑ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። እትዬ በላይነሽ በጠዋት የክፍሏን አልጋ ፈተው፣ ሳንቃውን አንድ በአንድ ተሸክመው ወደ ጓሮ አወረዱ። የሚያግዝ ሰው ሲጠጋ በእጃቸው ይመልሱታል። እኔ አፍራሾቹ መስመሩን እንዳያልፉ ቆሜ መቆጣጠር ነበረብኝ። እሳቸው ሲያልፉ ሲያገድሙ ሦስት ጊዜ አጠገቤ አለፉ። በሦስተኛው ቆሙ። የሚረግሙኝ መስሎኝ አቀረቀርኩ።

«እህል ቀምሰሃል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። አልቀመስኩም ነበር።

ሰገነቱ በመጀመሪያው ምት ወረደ። ደረጃው ግን አልወርድም ብሎ ሠራተኞቹን ግማሽ ቀን አስፈጀ። ማታ ላይ ግንቡ ልክ ከቀዩ መስመር ላይ ተቆርጦ ቆመ። ልኬቴ አንድ ጣት አልሳተም፤ አለቃዬም አመሰገነኝ። የቀረው ግማሽ ዛሬም አለ። ታች ሲሚንቶና ምስማር ይሸጥበታል። ላይ ያሉት ክፍሎች ግን ደረጃ የላቸውም። ሦስት በሮች ወደ መንገዱ፣ ወደ ባዶው ተከፍተው ይታያሉ፤ ማንም የማይወጣባቸው፣ እርግብ ብቻ የሚገባባቸው። ደረጃ ይሠራላቸዋል ተብሎ እስካሁን አልተሠራም። በዚያ ሳልፍ ቀና አልልም።

እትዬ በላይነሽ በጓሮው የድሮው ማድ ቤት ውስጥ እንዲቀመጡ ተፈቀደላቸው። ለአንድ ሰው ብቻ የምትበቃ ናት። ያም ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ማታ ማታ መናኸሪያው ድረስ ይሄዱ ነበር። ያገኙትን አምጥተው የራሳቸው አልጋ ላይ ያስተኙና እሳቸው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ያነጋሉ። ጎረቤቶቻቸው ነገሩኝ እንጂ እኔስ እሸሻቸው ነበር። ብርዱ ሳንባቸው ገባ። ሁለተኛው ክረምት ሲመጣ መናኸሪያ ድረስ መሄድ አቃታቸው።

ከፋሲካ በኋላ፣ በዳግማ ትንሣኤ ሳምንት፣ ሚስቴ ድፎ ዳቦ ጠቅልላ ሰጠችኝና ሄድኩ። ምን ልል እንደምሄድ አልነገርኳትም። እትዬ በላይነሽ አልጋቸው ላይ በባና ተጠቅልለው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አንሷል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው። ዳቦውን ተቀብለው አጠገባቸው አኖሩት። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፣ በየስማቸው። እኔ መቀመጥ አቃተኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

«ንገረኝ።»

«አቤቱታው በጽሑፍ መሆን እንዳለበት አውቅ ነበር። ዓርብ እንደሚያልቅም አውቅ ነበር። አባባ ወልዴ መንገዳችን ልክ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ ልክ ነው አልኳቸው። እያወቅሁ።»

ከባናው ጫፍ የተመዘዘ ክር ይዘው በጣታቸው ይጠቀልሉ ነበር። አላቆሙም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ማን ነገረዎ?»

«ማን ይነግረኛል? ያን ጊዜ ዓይኔን ማየት ተውክ።»

መሬት ላይ ተንበርክኬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ የልጆች አባት ሆኜ፣ እንባዬ መጣ። ከምን የተነሳ እንዳለቀስኩ ዛሬም አልለየሁትም፤ ከፀፀቱ ይሁን፣ እስከዚያ ቀን ችለውኝ ከመኖራቸው ይሁን። «ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ተነስ። መሬቱ ይቀዘቅዛል።» ትከሻዬን ይዘው አስነሱኝና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ። ሳል ያዛቸው፤ ሲለቃቸው ቀስ ብለው ተናገሩ። «የእኔን ይቅር ብዬሃለሁ። ዕድሜዬን የኖርኩበትን ቤት ነው ያፈረስከው፤ ይሁን። የግራዝማችንም፣ አሁን እዚያው መድረሴ ነው፣ እኔው እለምንልሃለሁ። ልጅ ነበር፣ ፈርቶ ነው እላቸዋለሁ። እሳቸው ይሰሙኛል።»

ከላዬ ድንጋይ የተነሳልኝ መሰለኝ። እጃቸውን ልስም ጎንበስ ስል ሰበሰቡት።

«የመንገደኛውን ግን እኔ ይቅር ልልህ አልችልም ልጄ።»

«የትኛውን መንገደኛ?»

«አላውቀውም» አሉ። «ገና አልመጣም።»